ወንድሜን ለማንም አልሰጥም

ይህን የምጽፈው ሎስ አንጀለስን ለማያዩ የደሴ ሰዎች ነው። እኔም ዳግመኛ የማያት አይመስለኝም። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ደሴ አራዳ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ። ጽሑፍ አይቀናኝም። ግን ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቅ የገባ ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል፤ ሚስማር እየመዘንኩ ተናግሬ አልጨርሰውም። አንዳንዱ ደግሞ ያልሆነውን ያወራል። ስለዚህ የሆነውን በተራ እጽፋለሁ።

የሄድኩት ለወንድሜ ለዶክተር ታምሩ ሙት ዓመት ነው። ደሴ «እንግሊዙ ታምሩ» ነው የሚሉት። በወጣትነቱ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሄደ፤ እዚያው ቀረ፤ ዜግነቱንም ወሰደ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። የሚያስተምረው የፖለቲካ ርዕዮተ ዓለም ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናቴ በስልክ ስትጠይቀው፣ «ሰው አንድን ሐሳብ ለምን እንደሚያምን፣ ካመነ በኋላስ መተው ለምን እንደሚያቅተው ነው የማጠናው» አላት። «ታዲያ ቄስ ሆንክ?» አለችው።

ነገሩ የመጣው ከአጎታችን ነው። አጎታችን መምህር ነበር። በዚያ በክፉው ዘመን፣ ተማሪው በየድርጅቱ ተከፋፍሎ ሲገዳደል፣ አንድ ጠዋት በራችን ላይ ገደሉት። የየትኛው ድርጅት ሰው እንደገደለው እስከ ዛሬ አናውቅም። ታምሩ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ እኔ አልተወለድኩም። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የተማረውም ያስተማረውም ያን ጠዋት ተከትሎ ነው። መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ መዝገበ ቃላት ይዤ ጀምሬ ነበር፤ አልገፋሁም። በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ወስዶ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ምክንያቱም ያኔ ሲገዳደሉ ከነበሩት ከሁለቱ ድርጅቶች የተረፉት ሰዎች አርጅተው እዚያ አንድ መንገድ ላይ ይውላሉ። መንገዱ ፌርፋክስ ይባላል። እነሱን እየጠየቀ ሳለ ልቡ ቆመና የቅመም ሱቅ በር ላይ ወደቀ። ሰዎቹ ሁሉ አዋጥተው እዚያው ቀበሩት።

የድርጅቶቹን ስም አልጽፍም። ደሴ ውስጥ በአንዱ ወይም በሌላው ሰው ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። የጥቅምት ብርድ ነበር፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ጠቅልላለች። አውቶቡሱ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ በመስኮቱ በኩል፣ «ሁለቱም ወገን ታምሩ የኛ ነበር እያሉ ነው አሉ» አለችኝ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ወንድምህን ለማንም እንዳትሰጥብኝ» አለችና ዞራ ሄደች።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ደብረ ሲና ስንወጣ መልሼ ለበስኩ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ። ጥቁር ሙሉ ልብሴን፣ ጥቁር ጫማዬን፣ እናቴ ለሚያሳድሩኝ ሰዎች የላከችውን ነጠላ፣ ሁሉንም ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። መንገዱ ረጅም ነው ስላሉኝ በእግሬ ያደረግሁት ሸራ ጫማ ነው። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ረቡዕ ማታ በአውሮፕላን ተነስተን ሲነጋ ደብሊን የምትባል ከተማ ቆምን። አትውረዱ አሉን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ «እንግሊዝ ከዚህ ባሕር ማዶ ናት» አለችኝ። በመስኮቱ ያየሁት እርጥብ ሣርና ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አንድ ሰው ነው፤ ዝናብ ያካፋበታል። ወንድሜ ዕድሜውን ያሳለፈበት ዝናብ ይህ ነው ብዬ ደህና አድርጌ አየሁት። ከደሴ የነሐሴ ዝናብ አይብስም።

ሐሙስ ሎስ አንጀለስ ደረስን። ሻንጣዬ ግን አልደረሰም። የሚዞረው ነገር ላይ የሰው ሻንጣ አልቆ የኔ ሳይመጣ ቀረ። ስለጠፋው ሻንጣ በማውቀው እንግሊዝኛ አስረዳሁ፤ ሴትዮዋም በትዕግሥት ሰማችኝ፤ «ይመጣል» አለች። መቼ እንደሆነ አልተናገረችም።

ውጭ የሚጠብቁኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ሬስቶራንት ያላቸው፣ የጥሪ ወረቀቱንም የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ወፍራም፣ ድምፃቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «እንግሊዙን ቁርጥ! ይቺ አፍንጫ!» ብለው ጮኹ። አቀፉኝና ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ሻንጣህስ?» አሉ።

«አልመጣም።»

«ኦኬ፣ አታስብ። ሱት እኔ አለኝ። ሶ፣ ቶሎ እንውጣ፤ ፓርክ ያደረግሁበት ቦታ ይቀጡኛል።»

የሚኖሩት ሃውቶርን በሚባል ሰፈር ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም። አውሮፕላኖቹ ከጣሪያው በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ እነሱ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። አገሩ ሜዳ ነው። ደሴ የጦሳን ተራራ ቀና ብለህ ካየህ የት እንዳለህ ታውቃለህ፤ እዚህ አንገቴን ባዞር ባዞር የምይዘው ነገር አጣሁ። የጋሼ ደምሴ ሚስት እትዬ አስቴር የልጃቸውን ክፍል ሰጡኝ። ያለችኝን አንድ ሸሚዝ አስወልቀው ወሰዱና አጥበው ተኩሰው መለሱልኝ። በቆየሁባቸው ቀኖች ሁሉ እንዲሁ አደረጉ። እናቴ የላከችላቸው ነጠላ በጠፋው ሻንጣ ውስጥ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ነጠላውስ ይመጣል፤ አንተ ከመጣህ» አሉ።

ዓርብ ፌርፋክስ ሄድን። መንገዱን ትንሿ ኢትዮጵያ ይሉታል፤ እንዲህ ሲባል ሰፊ ሰፈር መስሎኝ ነበር። ከሱቃችን እስከ መናኸሪያ ያለውን መንገድ እንኳ አያክልም። ግን በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፤ በርበሬ በኪሎ ይሸጣል፤ ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ይከራከራል። በዚያ በኩል አራዳ ነው።

ጋሼ ደምሴ መኪናቸውን እየቆለፉ፣ «ያን መንገድ ስትሻገር ተጠንቀቅ» አሉኝ።

«መኪና ይበዛል?»

«መኪና ቢሆንማ ጥሩ ነበር።»

በኋላ ገባኝ። በዚህ በኩል የሳቸው ሬስቶራንት አለ፤ በውስጡ የሳቸው የድሮ ድርጅት ሰዎች ይቀመጣሉ። በማዶ ሌላ ሬስቶራንት አለ፤ እዚያ የወዲያኞቹ ይቀመጣሉ። ጠመንጃውን ከጣሉ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። ታክሲ ነድተዋል፤ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና እያቆሙ ሠርተዋል፤ ልጆቻቸው ሐኪም ሆነዋል። መንገዱን ግን አይሻገሩም። የቅመም ሱቁ የጋራ ነው፤ አንዱ ካለበት ሌላው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ደሴ ቢሆን እነዚህ ሰዎች አንድ ዕድር ውስጥ ተገናኝተው፣ ሳይወዱ በግዳቸው ድንኳን አብረው ይተክሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን በር ላይ ስቆም ከማዶ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ጠሩኝ። «አንተ! የእንግሊዙ ወንድም! ና ወዲህ፤ አንበላህም፤ ዛሬ ዓርብ ነው!» አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። ተሻገርኩ። ጋሼ ብርሃኑ ይባላሉ፤ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ስመውኝ ሲያበቁ ወደ እግሬ አዩ።

«በዚህ ሸራ ነው ወንድምህን የምትዘክረው?»

«ሻንጣዬ ጠፍቶብኝ ነው።»

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

ወደ መኪናቸው ሄደው ካርቶን ይዘው መጡ። አዲስ ጥቁር ጫማ ነው፤ ለራሳቸው ገዝተውት ኖሯል። ለካሁት፤ ልክ ሆነኝ። «ሱቱን ያ ሰውዬ ያበድርህ» አሉ በመንገዱ ማዶ እየጠቆሙ። «እግርህ ግን የኛ ነው።» እንደገና ተሳቀ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድምህ የኛ ልጅ ነበር። አጠያየቁ ያስታውቃል» አሉኝ።

«ምን ብሎ ጠየቀዎት?»

«እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ‹ምን ብታይ ነበር ሐሳብህን የምትለውጠው?› ይላል። ሁሉንም ሰው እሱኑ ነው የሚጠይቀው።»

«ምን መለሱለት?»

«አንተም ጀመርክ?» አሉና ጫማውን በካርቶኑ መልሰው ሰጡኝ። ስሄድ ከኋላዬ፣ «ያ ሰውዬ እሑድ የማይሆን ነገር ካስነበበ እኛ ተነስተን ነው የምንወጣው፤ ንገረው» አሉ። ለጋሼ ደምሴ ጫማውን አሳየኋቸው እንጂ መልእክቱን አልነገርኳቸውም። ጫማውን አገላብጠው አይተው፣ «ደህና ቆዳ ነው» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ እትዬ አስቴር ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ። እሳቸው መኪና ሲነዱ መሪውን እንደ ልጅ አቅፈው ነው። የመቃብር ቦታው አጥር የለውም፤ ሐውልት የለውም፤ የታጨደ ሣር ነው። ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ከመሬት እኩል ተቀምጧል። ደሴ ቢሆን ሰው በላዩ ይሄድበታል ተብሎ ይጮህ ነበር። ተንበርክኬ ስሙን በእጄ አበስኩት። አልቅሼ ስጨርስ ሁለት እቅፍ አበባ አየሁ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ።

«አንዱ የደምሴ ነው» አሉ እትዬ አስቴር። «አንዱ የብርሃኑ ነው። እንዳይገናኙ ቀን ለይተው ነው የሚመጡት።»

«ተነጋግረው ነው ቀን የለዩት?»

«ምን ተነጋግረው! በኔ በኩል ነው።»

ቤት ስንመለስ ጋሼ ደምሴ ወረቀት ይዘው ጠበቁኝ። እንደምታውቁት በሙት ዓመት የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። እዚያም ይህን አልተዉም። «አንተ ታነበዋለህ፤ ቤተሰብ ሲያነበው ነው የሚያምረው» አሉኝ። ተቀብዬ አነበብኩ። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ እውነት የሆኑ ነገሮችም አሉበት። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ መጽሐፎቹ አሉ። ከዚያ «በልቡ የድርጅታችን ልጅ የነበረ» ይላል። ከታች ደግሞ «አጎቱ በእነዚያ በከሃዲዎቹ በግፍ የተገደለበት» ይላል።

«ይህን ማን ነገረዎት?» አልኩ።

«የቱን?»

«አጎታችንን እነሱ ናቸው የገደሉት የሚለውን።»

«ታዲያ ሌላ ማን ይገድለዋል?»

«አናውቅም ጋሼ። እናቴም አታውቅም። ታምሩም አያውቅም ነበር።»

«እኛ እናውቃለን» አሉ።

እትዬ አስቴር ከኩሽና፣ «ደምሴ፣ ልጁ ሐዘንተኛ ነው፤ ተወው» አሉ። «ሐዘንተኛ ስለሆነ ነው እውነቱን ይወቅ የምለው» አሉ ጋሼ ደምሴ። የበላሁት የሳቸውን ምግብ ነው፤ የተኛሁት በልጃቸው አልጋ ነው። «እነዚህን ሁለት መስመሮች አላነባቸውም» አልኩ። የሰሙኝ አልመሰሉኝም፤ ሱቱን አምጥተው በትከሻዬ ላይ ጣሉ። ሰፊ ነው፤ እጅጌው እስከ ጣቴ ይደርሳል። ደረቱ ላይ የድርጅታቸው ዓርማ ያለባት ትንሽ ብረት ተሰክታለች። ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት። አንስተው መልሰው ሰኩልኝ፤ «ኮቱ ያለ እሷ አያምርም» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሬስቶራንቱ ተሰበሰበ። ጠረጴዛዎቹ ተገፍተው ወንበር ተደርድሯል። የታምሩ ፎቶ ከፊት ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ይስቃል። ጋሼ ብርሃኑና ሰዎቻቸውም መጡ። መቼም የዚያን ቤት ደፍ ረግጠው አያውቁም አሉ። አልተቀመጡም፤ በበሩ በኩል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ካህኑ ፍትሐቱን ጨረሱ። ጋሼ ደምሴ ተነስተው፣ «አሁን የወንድማችንን የሕይወት ታሪክ ታናሽ ወንድሙ ያነብልናል» አሉ።

ተነሳሁ። ብረቷን በመታጠቢያ ቤት ነቅዬ ኪሴ ከትቻታለሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። እጅጌው ወረቀቱን ሸፈነው። አንድ ሁለቴ እጅጌውን ስስብ ከኋላ የሆነ ሰው ሳል አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩት።

በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ያልኩትን እንዳልኩት ነው የምጽፈው፤ አላሳምረውም።

«ሻንጣዬ ጠፍቷል» አልኩ። «ለብሼ የቆምኩት የሰው ነው። ኮቱ የጋሼ ደምሴ ነው። ጫማው የጋሼ ብርሃኑ ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወንድሜ ግን የእናቴ ነው።»

እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ቀጠልኩ።

«በየሳምንቱ ይደውልልን ነበር። እንግሊዝ አገርም እንዲሁ ያደርጉት ነበር። የቀኙም የግራውም ተማሪ፣ መምህሩም ጭምር፣ የማን ነህ ይሉታል። የማንም አልሆንም በማለቱ ሹመት ሁለቴ አልፎታል። ‹እኔ ጠያቂ ነኝ፤ ጠያቂ ወገን ከያዘ ማን እውነቱን ይነግረዋል?› አለኝ። አጎታችንን ማን እንደገደለው አናውቅም። እዚህ የሚያውቅ ካለ ዛሬ ይናገር፤ ገዳዩ የኔ ወገን ነው ብሎ ይናገር። የሌላው ወገን ነው የሚለውንማ ስንሰማ ኖረናል።»

ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፤ ጠበቅሁ።

«ወንድሜ ሁላችሁንም አንድ ነገር ጠየቀ። አልመለሳችሁለትም። ሲሞት ግን ሁላችሁም የኛ ነው አላችሁ። በሕይወት እያለ መልስ ያልሰጣችሁትን ሰው ሞቶ አትወስዱትም። የሕይወት ታሪኩ ይኸው ነው።» ተቀመጥኩ።

ጋሼ ደምሴ ተነስተው ኩሽና ገቡ። ካህኑ፣ «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» አሉ፤ «አሜን» ያለው ግማሹ ነው። ጋሼ ብርሃኑና ሰዎቻቸው ወደ በሩ ዞሩ። እትዬ አስቴር ግን ቀድመዋቸው ኖሯል፤ ትልቅ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጸበል ጸዲቅ ሳይቀመስ ወዴት ነው?»

«አስቴር፣ እኛ እዚህ ቤት...» አሉ ጋሼ ብርሃኑ።

«የምትንቁት ሟቹን ነው ወይስ እኔን?»

የሙት ምግብ እምቢ አይባልም። ይህን ፌርፋክስም ያውቃሉ። አንድ በአንድ እየጎረሱ ወጡ፤ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው በሉ። አልተቀመጡም፤ ታረቁ እንዳትሉ። ጋሼ ብርሃኑ እጃቸውን እየጠረጉ መጡና፣ «ጫማዬን የሰጠሁህ ለዚህ አልነበረም» አሉኝ።

«ይውሰዱት ጋሼ» ብዬ ጎንበስ ብዬ ክሩን መፍታት ጀመርኩ።

«ተው! በእግር ሹራብ ልትሄድ ነው? ደምሴ አይቶ ይስቅብኛል!» ብለው ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝ።

ሰኞ ጋሼ ደምሴ ቁርስ ላይ አላናገሩኝም። ዕንቁላሉን ግን ሳህኔ ላይ ጨመሩልኝ። ከዚያ የመኪናቸውን ቁልፍ አነሱና፣ «ባሕር አሳይሃለሁ ብዬ ነበር፤ ቃሌን አላጥፍም» አሉ። ነድተን ሄድን። አሸዋው ዳር ተቀመጥን። ስለ ባሕሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሐይቅ ከተማ ያለውን ውኃ የሚያውቅ ዳር የሌለውን ያስብ።

አሸዋ በእጃቸው እየዘገኑ፣ «እኔንም ጠይቆኛል» አሉ።

«ምን መለሱለት?»

«ከቤቴ ውጣ አልኩት።»

«ወጣ?»

«ወጣ። በማግስቱ መጥቶ ክትፎ አዘዘ። በደንብ ይብሰልልኝ አለ። እንግሊዝ አይደል!» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

«አሁን ቢጠይቅዎትስ?» አልኩ።

ባሕሩን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሱሪያቸውን እያራገፉ ተነሱና፣ «ትራፊክ ሳይጀምር እንሂድ» አሉ።

ማክሰኞ ልንወጣ ስንል ሻንጣዬ በር ላይ ደረሰ። እትዬ አስቴር ነጠላውን እዚያው ለበሱትና አለቀሱ። ኮቱን አጥፌ ብረቷን ከላዩ አኑሬ ለጋሼ ደምሴ ሰጠሁ። «ውሰደው፤ ያንተ ነው» አሉ። «ይሰፋኛል ጋሼ» አልኩ። አልተከራከሩኝም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣዬን እስከ በሩ ተሸከሙልኝ፤ አቀፉኝም። «እኔ አልተለወጥኩም፤ እንዳይመስልህ» አሉ በጆሮዬ። «ይሁን» አልኳቸው። «እኔም አልተለወጥኩም።»

ደሴ ስደርስ እናቴ ገና ሳልቀመጥ፣ «ለማን ሰጠኸው?» አለችኝ።

«ለማንም።»

«ተቆጡ?»

«ተቆጡ።»

«በሉለት?»

«በሉለት።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እግሬ አየች። «ይህ ደግሞ የማን ጫማ ነው?»

«የአንደኛው ነው። የሌላኛውን ኮት መልሻለሁ።»

«ታዲያ ኮታቸውን መልሰህ፣ ጫማቸውን ለምን አመጣህ?» ሱቅ የሚመጡትም ነገሩን ሲሰሙ እያሾፉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ «አሃ፣ በጫማው በኩል ሆንክ!» ይላሉ። ለናቴ ያልኩትን ለሁሉም እላለሁ፤ ከዚህ በኋላም ሌላ መልስ የለኝም።

ልክ ስለሆነኝ ነው።